የመንግሥት ታፔላ፣ የአያት ዘር

በአገራችን አንድ የምርምር ውጤት በእርግጥ ተገኘ የሚባለው ኮፍያ ሲታተምለት ነው። ተመራማሪው ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲያዳቅል፣ ሲመዝን፣ ሲጥልና ሲያነሣ ቢከርም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቢጫ ኮፍያ፣ ነጭ ቲሸርትና በሁለት እንጨት የተወጠረ ባነር ሲመጣ ግን ነገሩ «የመስክ ቀን» ይሆናል። አውቶቡስ በኮንትራት ይያዛል፣ በግ ይገዛል፣ ሚዲያ ይጠራል። እኔም ሚዲያ የሆንኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ወዳጄ በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። የማዕከሉን ስም አልጠራም፤ ምሳ በልቼበታለሁ፣ የበሉበትን ቤት ማማት ደግሞ ነውር ነው። ኅዳር ሲገባ ደወለልኝና «ስማ፣ ቴሌቪዥኖቹ አንመጣም ብለዋል፤ ሬዲዮኖቹ አበል ጠየቁ። አንተ ካሜራ አንግተህ ብቅ ካልክልኝ ሪፖርቱ ላይ ‹ልዩ ልዩ መገናኛ ብዙኃን ተገኝተዋል› ብዬ እጽፋለሁ» አለኝ።

«አንድ ሰው እንዴት ልዩ ልዩ ይሆናል?»

«መነጽር አድርገህ ና» አለና ዘጋው።

የጥሪ ወረቀቱ «ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሣለን፤ ሰዓት ይከበር» ይላል። ሰዓት ያከበርነው እኔ፣ ሹፌሩና አንድ ዝምተኛ ሰው ብቻ ነበርን። ቀሪው ሁሉ የሚጠብቀው ክቡር እንግዳውን ነው። ክቡር እንግዳው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ገና ወፍ ሳይንጫጫ ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሚኖር የጠየቀ አልነበረም።

ዝምተኛው ሰው ከጎኔ ተቀምጦ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን «በቃ፣ ተዘጋች» አለ።

«ማን?»

«የጤፍ አበባ።»

ሰውዬው አዳቃይ ነው። በማዕከሉ ያለው ሥራ የጤፍ ወንድና ሴት ማጋባት ነው ቢባል አያስቀይመውም። አበባዋ በባዶ ዓይን አትለይም። በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋት ሦስት ወንዴዎችና አንዲት ሴቴ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ። የገዛ ወንዴዎቿ የገዛ ሴቴዋን ዱቄት ያለብሳሉ፤ እንግዳ አያስገቡም። ስለዚህ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተትቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ታረቀ በርሄ የተባሉ ተመራማሪ አበባዋ ማለዳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደምትከፈት ደረሱበት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የመርፌ ሥራ ሆነ። በዋዜማው፣ እናት እንድትሆን ከታጨችው ተክል ላይ ሦስቱን ወንዴዎች በመርፌ ጫፍ እየለቀሙ ማውጣት ነው። አንዱ ካመለጠና ከፈነዳ ልፋቱ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ አባት ከሚሆነው ተክል ዱቄት አምጥቶ ማስነካት ነው። ቢሳካ የሚገኘው ጥቂት ፍሬ ነው። አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ ፍሬ እንደሚይዝ ያወቀ ሰው «ጥቂት ፍሬ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አዳቃዩ ቢያስነጥስ የዓመት ሥራው ይበተናል። በዚህ ድካም ተዳቅሎ ለገበሬ የደረሰው የመጀመሪያው ዝርያ ጸደይ ይባላል፤ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው።

«አበባዋ ክቡር እንግዳ የምትጠብቅ ቢሆን ኖሮ አንድም የተዳቀለ ዝርያ አይኖረንም ነበር» አለኝ አሁንም ሰዓቱን እያየ።

የተነሣነው ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። አስፋልቱ ሲያልቅ ሌሊቱን የጣለው ያለ ወቅቱ ዝናብ መረሬውን አፈር አቡክቶ ጠበቀን። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይይዛል፤ አውቶቡሳችንንም ያዘው። ክቡር እንግዳው በላንድክሩዘር አልፈውን ሲሄዱ በመስኮት እጃቸውን አነሡልን። ወጣቶቹ ወርደው ሲገፉ ጎማው እየተሽከረከረ ጭቃውን በአዲሱ ቲሸርት ላይ ረጨው። እኔ ሚዲያ ስለሆንኩ አልገፋሁም።

ተቀምጬ ብሮሸሩን አገላበጥኩ። ዲዜድ-01-196፣ ዲዜድ-01-974፣ ዲዜድ-ሲአር-387 እያለ ይቀጥላል፤ የመኪና ታርጋ እንጂ የእህል ስም አይመስልም። አዳቃዩ ፈታልኝ። ዲዜድ ደብረ ዘይት ነው፤ የአገሪቱ የጤፍ ምርምር እምብርት እዚያ ያለው ማዕከል ስለሆነ። 01 ያለባቸው ከገበሬው ማሳ ከተሰበሰበ ዘር ውስጥ እየተመረጡ የወጡ ናቸው። ሲአር ያለባቸው በዚያ መርፌ የተዳቀሉት ናቸው።

«974 ምርቱ ግሩም ነበር» አለኝ። «በወረቀት ላይ የሚወጣለት እንከን አልነበረም። ገበሬው ግን ፊቱን አዞረበት።»

«ለምን?»

«አይነጣማ! ገበያ የሚወጣው ነጭ ጤፍ ነው። 196 ደግሞ በንጣቱ የተወደደ ነው፣ ምርቱ ግን የዚያኛውን ያህል አይደለም። ሁለቱን አዳቀሏቸውና 387 ተወለደ።»

387 ማለት አገር የሚያውቀው ቁንጮ ነው። የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ከምርምር ወጥቶ በገበሬው ዘንድ እንደዚያ በሰፊው የተዘራ የጤፍ ዝርያ ከሱ በፊት አልነበረም። አዳቃዩ ይህን ሲያወራልኝ አንድ ነገር ገረመኝ። ምርት የሚለካው ሚዛን 974ን አሳልፎት ነበር፤ የጣለው እንጀራ የምትጋግረው ሴትና ከእህል በረንዳ ጤፍ በእፍኙ ዘግኖ የሚያየው ነጋዴ ናቸው። የእነሱ ፈተና በየትኛውም ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም። ቢሆንም ቁንጮን ያስገኘው እሱ ነው።

በትራክተር ተጎትተን ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ገበሬዎቹ ከማለዳ ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ገና ስወርድ አንድ ጎልማሳ ካሜራዬን አይቶ «ማታ ዜና ላይ ነው የሚተላለፈው?» አለኝ። መነጽሬን አስተካክዬ «እንግዲህ እናያለን» አልኩት። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ላብ በላብ ሆኖ ይሯሯጣል። መርሐ ግብሩ ንግግር፣ ንግግር፣ የማሳ ጉብኝት፣ ንግግር፣ ምሳ ይላል። በመንገዱ ምክንያት ስለዘገየን ወዲያው ወደ ማሳው ይኬድ ተባለ።

ማሳው ያምራል። ጤፉ ቁመቱን ጠብቆ ቆሟል፤ ዘለላው ወርቅማ ሆኖ ነፋሱ ሲያገኘው ሽው ይላል። ዳሩ ላይ የአጋር ድርጅቶች ዓርማ የተደረደረበት ታፔላ ተተክሏል፦ «የተሻሻለ የጤፍ ዝርያ ሠርቶ ማሳያ»። ክቡር እንግዳው ሜጋፎን ተቀበሉ። ጫማቸው ላይ የተጣበቀው መረሬ ቁመታቸውን ትንሽ ጨምሮላቸዋል።

«ይህ በዓይናችሁ የምታዩት የዘመናዊ ምርምር ፍሬ ነው!» አሉ። «አያቶቻችን ይዘሩት የነበረው ዘር በምንም መልኩ ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም! እስቲ አንድ ጊዜ ለተመራማሪዎቻችን!»

ተጨበጨበ። ፎቶ አነሣሁ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ዓይኑን አፈጠጠባቸው፤ አላዩትም።

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሞገሱልኝ። ማሳው የኔ ነው። ዘሩም የአያቴ ነው። የናንተኛው ከወንዙ ማዶ ተኝቷል።»

በኋላ እንደተጣራው፣ ታፔላውን በሬ ታክኮበት ጥሎታል። አንድ እረኛ በቅንነት አንሥቶ ለመንገድ የቀረበው ማሳ ዳር ላይ ተከለው። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ነገሩን ያውቅ ነበር። ነገር ግን እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው፤ ስለዚህ አጨበጨቡ። ይሉኝታ ስንቱን የተሳሳተ ማሳ አስጨብጭቦ ይሆን? ወዳጄ «ካሜራውን አውርድ፣ ካሜራውን!» እያለ ክንዴን ይጎትታል። ክቡር እንግዳው ለአፍታ ዝም አሉ፤ ግን ብዙ መድረክ ያዩ ሰው ናቸው። «ያው ነው! ዋናው ምርታማነቱ ነው!» ብለው ሜጋፎኑን አስረከቡ። ፕሮቶኮሉ እየመራ ወደ ድንኳኑ ወሰዳቸው። አጃቢው ሁሉ ተከተለ፤ የጥብሱ ሽታም ከዚያው በኩል ነበር።

አዳቃዩ አልሄደም። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አንድ ዘለላ መዳፉ ላይ አሻና እፍ ብሎ ፍሬውን አየው። በመዳፉ መስመር ውስጥ የተሰገሰጉት ፍሬዎች ነጫጭ ናቸው፤ አንድ ሁለት ቀያይ ተቀላቅለውባቸዋል። ለብቻ ለይቶ በጣቱ ጫፍ ገፋቸው።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው» አላቸው። «ክቡርነታቸውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እኛ የምናዳቅለው እኮ ከእንዲህ ያለው ዘር የተለቀመውን ነው። የቁንጮ አባትና እናት ሁለቱም ከገበሬ ቤት ነው የወጡት።»

«እንግዲያማ ዘመዳሞች ነን» አሉ አሮጊቷ። «ና፣ የወንድምህን ልጅ ላሳይህ። ልቡ ግን ደካማ ነው።»

ገበሬዎቹ ተከትለውን ወንዙን ተሻገርን። ወንዝ አልኩ እንጂ ጅረት ነው፤ ሆኖም ጫማዬን ለማበላሸት በቂ ውኃ ነበረው። እውነተኛው ሠርቶ ማሳያ ከዳር እስከ ዳር መሬት ላይ ተነጥፏል። የሌሊቱ ዝናብና ነፋስ አንዱን አገዳ ባንዱ ላይ አጋድሞ ምንጣፍ አድርጎታል። ጤፍ ጋሸበ የሚባለው ይኼ ነው። የመስክ ቀን ይበላሻል ብዬ ስጠብቅ፣ የመስክ ቀኑ የተጀመረው እዚህ ነው። ድንኳን ውስጥ ትንፍሽ ያላለው ገበሬ ሁሉ የተኛውን ጤፍ ሲያይ አፉ ተፈታ።

«ይኼን ያህል ዩሪያ አድርጉ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም?» አለ አንዱ።

«እኛው ነን» አለ አዳቃዩ። ከዚያም አስረዳ። የጤፍ አገዳ ቀጭንና ረጅም ነው። ማዳበሪያ ሲያገኝ ዘለላው ይከብዳል፣ አገዳው ግን በዚያው ልክ አይጠነክርም። ዝናብና ነፋስ ሲጨመርበት ይወድቃል። ከወደቀ ፍሬው በደንብ አይሞላም፤ አጫጁንም ወገቡን ይቆርጠዋል፤ ማሽን ማስገባትማ አይታሰብም። ይህን ለመፍታት በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመራ ቡድን ከአገር ቤት ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። የተፈለገው ቁመቱ አጠር፣ አገዳው ጠንከር ያለ ጤፍ ነው። ከዚህ ጥረት ተስፋ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተለቀቀ።

ጥሩ ዜና መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው «አጠረ ማለት ጭዱም አነሰ ማለት ነው?» አሉ።

«ያንሳል፣ አባባ።»

«በሬዬ ምን ይብላ? ቤቴንስ በምን ልምረግ?»

አዳቃዩ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። መልስ አልሰጠም። እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ነገር ቀባጥሬ አልፍ ነበር፤ እሱ ጻፈ።

ቀጥሎ የመስመር መዝራት ነገር ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጤፍ በብተና መዘራቱ ቀርቶ በመስመር ይዘራ የሚል ትልቅ የመንግሥት ዘመቻ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሐሳቡ ምክንያት አለው። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈሳል፤ ተክሉ ተጨናንቆ ለብርሃንና ለምግብ ይሻማል፣ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ይጋሽባል። በመስመር ሲሆን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል። ያ ሁሉ የቀረው ዘር ለምግብ ይተርፋል። በኋላ በገበሬው ማሳ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን የምርት ጭማሪው መጀመሪያ ከተነገረው እጅግ ያነሰ ነው፤ የጨመረው ጉልበቱ ነው።

ያን ጉልበት በዓይኔ ያየሁት እዚያው ነው። አሮጊቷ ልጃቸውን ልከው አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ አስመጡ። ክዳኑ በጋለ ምስማር ተበስቷል። ውስጡ ጤፍና አሸዋ ተቀላቅሏል። ወገባቸውን አጥፈው፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው እየነቀነቁ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ቀና አሉ። ቀና ለማለት የፈጀባቸው ጊዜ ከመዝራቱ ይበልጥ ነበር።

«ዘሩ ይቆጠባል፤ አልዋሽም» አሉ። «ወገቤን ግን የሚቆጥብልኝ የለም። አንድ ሄክታር ስንት ጊዜ ማጎንበስ እንደሆነ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ኪሎውን ነው የቆጠራችሁት።»

ሳቅ ሆነ። አዳቃዩም ሳቀ፤ ይህንንም ጻፈው።

በዚህ መሐል ከድንኳኑ የሜጋፎን ድምፅ በነፋስ እየተቆራረጠ ይደርሰናል። «ግንዛቤ»፣ «ትስስር»፣ «ሽግግር» የሚሉ ቃላት ወንዙን እየተሻገሩ መጡ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ምርምሩ ብዙ ሠርቷል። ከሃያ ዓመት በፊት በሄክታር 10 ኩንታል የማይሞላው አገራዊ አማካይ የጤፍ ምርት ከ15 ኩንታል በላይ የደረሰው በጸሎት ብቻ አይደለም። ሆኖም በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ላቦራቶሪ አጥሩን ከፍቶ ወደ ሰው የሚወጣበትን ምክንያት ካልጠፋ ቦታ ያገኘሁት እዚያ ከተኛው ጤፍ መሐል ነው። የሚወጣው ሊጨበጨብለት ከሆነ ትራንስፖርቱም ምሳውም ብክነት ነው። ሥራውን ፊት ለፊት ሊያሙለት ከሆነ ግን በየወሩ ይውጣ፤ እኔም ያለ አበል መነጽሬን አድርጌ እከተለዋለሁ። ቆሞ ከተገኘ ማሳ ይልቅ የተኛው ማሳ ነው ሰውን ያናገረው። ያማረውን ማሳ ሁሉም አሞግሶ ሄደ፤ የተኛውን ግን ዙሪያውን ከበው ለምን ተኛ አሉ። ለምን ማለት ደግሞ የሳይንስ ግማሹ ነው።

ለመመለስ ስንነሣ አዳቃዩ አሮጊቷን ጠጋ ብሎ «እማማ፣ ከዚያ ከቆመው ጤፍዎ ትንሽ ዘር ቢሰጡኝ?» አላቸው።

«ለምንህ?»

«ሌሊቱን ያንን ሁሉ ዝናብ ችሎ ቆሟል። ለምን እንደቆመ ላጣራ። ደግሞም ይቀመጣል።»

የሚቀመጥበትን ነገራቸው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የዘር ባንክ አለ፤ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ከ5,000 በላይ የጤፍ ናሙና ተቀምጦበታል። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በድርቁ ዘመን የገበሬው ዘር ተበልቶ እንዳያልቅ ከገበሬው ጋር ሆነው ደክመዋል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ‹ራይት ላይቭሊሁድ› የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ዘሩ በቀዝቃዛው ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት የሚሉ ሰው ነበሩ።

አሮጊቷ በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ «ስትወስዱ እፍኝ ስጡን ትላላችሁ። ስትመልሱ በኪሎ ነው የምትሸጡልን» አሉ። አዳቃዩ አንገቱን ደፋ። የሚመልሰው ነገር ቢኖረው ኖሮ መልካም ነበር፤ አልነበረውም።

«ግድ የለም፣ እሰጥሃለሁ» አሉ ቀጥለው። «ለጎረቤት ዘር ከልክዬ አላውቅም። ዋጋው ግን ገንዘብ አይደለም። ሐምሌ ላይ ትመጣለህ፤ ያለ ድንኳን፣ ያለ ጌቶች፣ ብቻህን። ያንን ጠርሙስ እሰጥሃለሁ። አንድ ጥማድ መሬት በመስመር ትዘራልኛለህ። ስትጨርስ ቀና በልና ያኔ ስለ ምርምሩ እናወራለን።»

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው በላስቲክ ቋጠሩለት። አዳቃዩ ደብተሩ ላይ ስማቸውን፣ የቀበሌውን ስምና «ሐምሌ፦ አንድ ጥማድ» ብሎ ጻፈ። ወዳጄ በትከሻው ላይ አጮልቆ አነበበና ፊቱ ጠቆረ። ሪፖርቱ ላይ «ለአርሶ አደሮች ግንዛቤ ተፈጠረ» የሚል ዝግጁ ሣጥን አለ፤ «ለተመራማሪ ግንዛቤ ተፈጠረ» የሚል ግን የለም። አንድ ጥማድ መሬት በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚያዝም እስከ ዛሬ አልተፈታለትም።